አንድ ልብ ለአሥራ ሰባት ሰው

ረመዳንና ሁዳዴ በገጠሙበት በዚያ ዓመት፣ ከኮምቦልቻ በታች ባለው የባትሪ መፍቻ ፋብሪካ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ባለሙያ ነበርሁ። ማዕረጉ ረጅም ነው፤ ሥራው አጭር። ጠዋት ገብቼ ስክሪን ፊት እቀመጣለሁ፣ ጠባቂው በየሠራተኛው ስም ፊት ለደኅናው ነጭ፣ ለደከመው ቢጫ፣ ለታመመው ቀይ ያበራል፣ እኔ ከሥሩ «ሰው አይቶታል» የሚለውን እጫናለሁ። ሕጉ አንድ ሰው ማየት አለበት ይላል። ምን ያህል አተኩሮ ማየት እንዳለበት ግን አይልም።

ጠባቂው ፕሮግራም እንጂ ሰው አለመሆኑን መናገር ያለብኝ አይመስለኝም። ሠራተኛው ሁሉ አምባር ያስራል፤ አምባሩ የልቡን ምት፣ ላቡንና ትንፋሹን ለጠባቂው ያቀብላል፤ ጠባቂውም የደከመ ሰው ባገኘ ቁጥር ያሳርፈዋል። ማሳረፍ ደግ ቃል ነው። አንድ ጊዜ ያረፈ ሰው የዕለቱን ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ ሁለተኛ ያረፈ ምክር ይሰጠዋል፤ ሦስተኛ ያረፈ ደግሞ «ለገዛ ጤናው ሲባል» ይሰናበታል። ከዚያ ወዲያ እሱን የሚቀጥር ፋብሪካ ከሞጆ እስከ መቀሌ አይገኝም። ሠራተኞቹ ይቀልዳሉ፦ «ባትሪ ለገደለው እግዜር ይፈርድለታል፤ ጠባቂው ያዳነውስ ወዴት አቤት ይበል?» እኔም አብሬ እስቅና ተመልሼ እፈርማለሁ።

መኪናው ሁሉ በባትሪ መሄድ ከጀመረ ወዲህ አገሩ የሞተ ባትሪ በሞተ ባትሪ ሆኗል። ሹፌር የሌላቸው ካሚዮኖች ከአዲስ አበባም ከጅቡቲ ወደብም እየጫኑ ያራግፉልናል። ማሽን ቢፈታው ይሻል ነበር። ነገር ግን ግማሽ ነፍስ ያለው ባትሪ አንዳንድ ጊዜ ይፈነዳል፣ ማሽን ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ሰው በእጁ ይፈታዋል፤ ክዳኑን ያነሣል፣ ሽቦውን ይቆርጣል፣ ጥቁሩን ዱቄት ወደ በርሜል ያራግፋል። ዱቄቱ ውስጥ ኮባልት አለ። ወደ ውጭ ተልኮ ዶላር የሚያመጣው እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ እዚሁ ከእኛ ጋር ይቀራል።

ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ከተማዋ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች። ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጅ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡት ጎሕ ሳይቀድ ነው። ፋብሪካው ግን «የተጣራና የቀዘቀዘ አየር ያለው» ተብሎ ስለተመዘገበ አይዘጋም። የተጣራውና የቀዘቀዘው አየር ያለው ቢሮዎቹ ባሉበት በላይኛው ፎቅ ነው።

እናቴ ሁለቱ ጾሞች ባለፈው ሲገጥሙ እኔን አርግዛ ነበር። እሷ የረመዳኑን፣ አባቴ ደሳለኝ የሁዳዴውን ይዘው፣ ከቤታችን እህል የሚቀምስ ሰው ጠፋ እያለች ትስቃለች። ወሎ ነው፣ አይደንቅም። ዘምዘም ብላ ስም ስታወጣልኝ የራሷን ወገን ሰጠችኝ፤ የምጾመውም የእሷን ነው።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በጾም ወራት ስክሪኑ ላይ ጥቂት ቢጫ ይታይ ነበር። ብዙ አይደለም፤ እኔም ሰዉ ለምዶታል ብዬ አልፈዋለሁ። ያን ዓመት ግን እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ወር ጾመ። ቢጫው ሊበዛ ሲገባው ጭራሽ ጠፋ። በተለይ የሦስተኛው አዳራሽ ሠራተኞች፣ አሥራ ሰባቱም፣ በየቀኑ እንደ ወተት ነጭ ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ እንደ ልማዴ ልጫን እጄን ሰደድሁና መለስሁት። ውኃ ካፉ ያልገባ ሰው በዚያ ሙቀት ውስጥ እንዴት ነጭ ይሆናል? እኔ ራሴ ቀዝቃዛ ቢሮ ተቀምጬ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ጠባቂው እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ነው የሚያየው። ይህ ልብ ደኅና ነው፣ ያኛው ልብ ደኅና ነው እያለ ይሄዳል እንጂ ጎን ለጎን አያስተያይም፤ አስተያይ ያለውም የለም። እኔ አሥራ ሰባቱን ልቦች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው።

አንድ ልብ ነበሩ። አንዱ ሲመታ ሁሉም ይመታል፤ አንዱ ሲፈጥን ሁሉም ይፈጥናል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። አይ ወሎዬ፣ ይሄንንም ጠባቂ አታለሉት አልሁ። ከዚያ ልቡን ራሱን ሳየው ሳቁ ጠፋ። እየመታ፣ እየመታ፣ መካከል ላይ አንዱን ይዘልላል። ያመነታና ደግሞ የዘገየ ሰው እንደሚሮጥ ሁለቱን ባንዴ ይመታል። መዝለሉ ጠባቂው ካሰመረው ወሰን ገና አላለፈም፤ ለዚህ ነው ነጭ የሆነው። ግን የእሑዱን ከሰኞው፣ የሰኞውን ከማክሰኞው ሳስተያይ እየባሰ ነበር። ይህ ልብ የማንም ይሁን የማን፣ ባለቤቱ እየሞተ ነው።

ጭምብሌን አጥልቄ ወረድሁ። ሦስተኛው አዳራሽ ከባትሪው በሚወጣው ጋዝ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ ይሸታል፤ አዲስ የገባ ሰው ሽታውን ይወደዋል። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው የተዘረረ ባትሪ፣ በየባትሪው ላይ ያጎነበሰ ሰው። ብዙዎቹ ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው አውርደውታል፤ በዚያ ሙቀት ማን ይፈርድባቸዋል። የፈረቃው አለቃ ወርቂቱ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እት ወርቂቱ እላታለሁ። ስታየኝ ጠረጴዛዋን ትታ መጣች።

«ምነው ዘምዘም፣ በጾም አፍሽ እዚህ እቶን ውስጥ ምን አወረደሽ?»

«ልባችሁን ለማየት መጣሁ» አልኋት።

ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ እዚያው ደረቀ። ዓይኗ ሳታስበው ወደ አዳራሹ ጥግ ሄደና ተመለሰ። እኔም ያንን ተከትዬ ሄድሁ።

ጥጉ ላይ አያ ይመር ተቀምጠዋል። ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ ያሉ፣ ባትሪ ፊት ቢስሚላህ ሳይሉ መፍቻ የማያነሡ አዛውንት ናቸው። ሁሉም እጅጌውን ሰብስቦ ሳለ እሳቸው እስከ እጃቸው ድረስ ተሸፍነዋል። ከንፈራቸው ሰማያዊ መልክ አለው።

«አያ ይመር፣ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ እስቲ።»

ወደ ወርቂቱ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ሰበሰቡት። ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው አምባር በአምባር ላይ ተደርድሯል፤ የሙሽራ እጅ ይመስላል። በእያንዳንዱ ላይ ቀለሙ የተለያየ ክር ታስሯል።

«ሌላውስ?»

«ሌላው እግሬ ላይ ነው» አሉ። «አንዱ የራሴ ነው።»

ወርቂቱ መሐላችን ገባች።

«ደቦ ነው» አለች። «ሰው እህል ሊያጭድ ደቦ ይወጣ የለ? እኛም እንደዚያው ነን። በረመዳን እኛ ክርስቲያኖቹ የነሱን እናስራለን፣ በሁዳዴ እነሱ የኛን ያስራሉ። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ቢይዝ ምን አለበት? ማንም አያርፍ፣ ማንም አይባረር። ዘንድሮ ሁለቱ ገጠሙና የበላ ሰው ጠፋ። አያ ይመር ብቻ ቀሩ።»

«አንቱ ለምን አይጾሙም?»

«ጨጓራዬ ቆስሏል። ሐኪሙም ሸኹም ከለከሉኝ» አሉ አያ ይመር፣ የሚያፍር ሰው በሚናገርበት ድምፅ። «ጾም ያልቻለ ሰው ድኻ ያበላል፤ ፊድያ ነው። እኔ የማበላው ድኻ ቢመጣ እኔኑ ያበላኛል እንጂ... ታዲያ የጾመኛውን ድካም ልሸከም አልሁ። ሸኹን አልጠየቅኋቸውም። ልክ አይደለም ያሉኝ እንደሆን ብዬ ፈራሁ።»

ብዙ ጊዜ ስለ ሠራተኛ መተባበር ሥልጠና ሰጥቻለሁ፤ ስላይድ አለኝ፣ ሥዕል አለኝ። እንዲህ ያለ መተባበር ግን አስተምሬ አላውቅም፤ ሰውየውን እየገደለ መሆኑ ነው እንጂ ያኮራል።

«አያ ይመር፣ ልብዎ ታሟል።»

«የኔው ነው የታመመው ወይስ የነሱ?» አሉ ፈገግ ብለው።

«የአንቱ ነው። የነሱንማ ማን አይቶት።»

ይሄን ስናገር የገዛ ቃሌ ጆሮዬ ላይ ቀረ። የነሱን ማንም አላየውም። ለስንት ጾም፣ ለስንት ዓመት።

አያ ይመር ደረጃ ሲወጡ እንደሚያፍናቸው፣ ሲተኙ ሦስት ትራስ እንደሚደራርቡ ነገሩኝ። የዕድሜ ነው ብለው ነበር። እኔ ግን ያ ጥቁር ዱቄት ሳንባ ላይ ብቻ እንደማይቆም፣ ዓመታት ሲተነፍሱት ልብን እንደሚያሰፋ ተምሬአለሁ። ተፈትኜ ያለፍሁበት ነገር ነው። ከዚያ ሥራ ያዝሁና ነጭ ነጩን ስፈርም ረሳሁት።

ሠራተኞቹን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰበሰብኋቸው፤ እዚያ ካሜራ የለም። አምቡላንስ ጠራሁና እስኪመጣ ድረስ ሕጉን ነገርኋቸው። አንድ ሰው ከታመመ ጥፋቱ የልቡ ነው፤ ያርፋል፣ ይሰናበታል። ከአንድ አዳራሽ ሲሶው በአንድ ዓይነት ምልክት ቀይ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአዳራሹ ነው። ያኔ እኔ የሥፍራ ምርመራ አዝዛለሁ፤ አዳራሹ ይዘጋል፤ አየሩ እስኪስተካከል ሠራተኛው ሙሉ ደመወዙን እያገኘ ይታከማል። ከእናንተ ስድስት ሰው ይበቃል አልኋቸው።

«ታዲያ ተይኝ!» አሉ አያ ይመር ከአግዳሚው ላይ። «የኔ ልብ ነገ ተነገ ወዲያ ቀይ አይሆንም? አሥራ ሰባት ቀይ አታገኚም? ስድስት ብቻ ነው የሚፈለግ ያልሽ። ይዝጉልሽ። አምባሩን ሳልፈታ ልቆይ።»

እውነቱን ለመናገር አሰብሁበት። ሁለት ቀን ዝም ብል፣ አንዲት ጣት ባላነሣ፣ አዳራሹ ይዘጋል። ውሸቱ ወደ እውነት ያደርሰኛል። የሚጠፋው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ፈቅዷል። እንዲህ ያለው ሐሳብ ሲመጣ ደንግጬ ራሴን ያዝሁ።

«ሁለት ቀን የለዎትም» አልኋቸው።

«አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። ለዚያ ነው አሁኑኑ ደሴ የሚሄዱት።»

እንግዲህ አያ ይመር አምባሮቹን መፍታት ጀመሩ። ክሩን እያዩ ባለቤቱን ይጠራሉ። «አረንጓዴው የዘሀራ ነው። እንኪ ልጄ። ይሄ የአስናቀ ነው...» ሰዉ እየመጣ ከእጃቸው ይቀበላል፤ ዓይናቸውን የሚያይ የለም። ዘሀራ አምባሯን ተቀብላ የአያ ይመርን እጅ ሳመችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁሉም አልቆ የራሳቸው ብቻ ሲቀር እጃቸው ላይ መስመር በመስመር ሆኖ ቆዳቸው ተልጦ አየሁ። አምቡላንሱ ሲመጣ «አብሽሩ» ብለውን ሄዱ። ታማሚው እሳቸው፣ አጽናኙም እሳቸው።

እኛ አምባር በእጃችን ይዘን ቀረን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አልሁ። «ሁላችሁም የየራሳችሁን እሰሩ። ዛሬ፣ አሁን፣ ባንድ ጊዜ።»

«ሎሚው የበሰበሰ እንደሆነስ?» አለች ወርቂቱ።

«የበሰበሰ እንደሆነ ይታያል። መታየቱ ነው የሚፈለገው።»

«ጤነኛ እንደሆነስ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «እሱ ነው የሚያስፈራኝ! ልቤ ጤነኛ ከሆነ በጾሙ ብቻ ቢጫ እሆናለሁ። እኔ ሁለቴ አርፌአለሁ፣ ዘምዘም። ሦስተኛዬ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እነዚያን ልጆች ይዤ የት እገባለሁ? አንች ፎቅሽ ላይ ትመለሻለሽ።»

ደኅና ትሆናላችሁ ብዬ መዋሸት እችል ነበር፣ ለዚያም ሥልጠና ወስጃለሁ። «ጤነኛ ከሆናችሁ ሥራችሁን ታጣላችሁ» አልኋቸው። «ከታመማችሁ ትድናላችሁ። የቱ እንደሆነ አላውቅም። ባታስሩትና አያ ይመርን የሚተካ ሌላ ሰው ብትፈልጉም ይገባኛል።»

አስናቀ፣ ያ ዝምተኛው፣ «ሌላ የሚበላ ሰው የለም» አለ። እውነቱን ነበር፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም የሚያየው ወርቂቱን ነበር።

ወርቂቱ ቀይ ክር ያለበትን አምባሯን ገልበጥ ገለበጥ አደረገችው። «ሰውየው ስንት ቀን የኔን ተሸክመው ሰንብተዋል» አለች ለራሷ ያህል። «እኔ አንድ ቀን የራሴን ካልተሸከምሁ ጾሜስ ምን ጾም ነው።» አሰረችው። ሌሎቹም ተከተሉ። አንድም የቀረ የለም።

ከዚያ ቀና አለች። «አንችስ? ስንት ዓመት ስታስሪን አንች አንድ ቀን አስረሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ከፎቅ ያሉ ሰዎች አያስሩም። መጋዘን ሄጄ አዲስ አምባር አውጥቼ አሰርሁ። እዚያ ቆሜ ሳስር ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እኔም ጾመኛ ነኝ። የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ጾመኞች ናቸው፣ የግዢዋ ልጅ ሁዳዴን ይዛለች። ከታች ካሉት ጋር ጾማችን አንድ ነው፤ የማይመሳሰለው አየሩ ነው። ከመጋዘኑ ጥቂት አምባሮች ይዤ ወጣሁና ለየቢሮው ጾመኛ «እባካችሁ ዛሬን ብቻ» እያልሁ አደልሁ። ለምን ብለው ጠየቁኝ። ለጾሙ ነው አልኋቸው፣ ውሸት አይደለም።

የፈራሁት አልቀረም። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ የሦስተኛው አዳራሽ ስሞች አንድ በአንድ ቢጫ ለበሱ። ጠባቂው አሳቡን ጻፈ፦ «ምክንያት፦ ጾም። እርምጃ፦ ሁሉንም ማሳረፍ።» ከሥሩ የእኔ ቁልፍ፣ «ሰው አይቶታል»፣ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃል። አልተጫንሁም። የሥፍራ ምርመራ ጠየቅሁና የፎቁን ጾመኞች በስክሪኑ ላይ ከጎናቸው አሰለፍሁ። እኛም ቢጫ ነበርን፣ ራሴም ጭምር። የእኛ ልብ ግን ደክሞ ይመታል እንጂ እንደ ታቾቹ አይዘልልም።

ስልኬ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነበር።

«ወይዘሪት ዘምዘም፣ እስከ ትናንት ነጭ የነበረ አዳራሽ ዛሬ ምን ሆነ?»

«እስከ ትናንት አላየናቸውም» አልሁት።

«ፈርመሻል እኮ!»

«ፈርሜአለሁ። አላየሁም።»

እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ስልኩን ዘጋው። የሙያ ፈቃዴን እንደሚወስዱት ያኔውኑ አውቄአለሁ፤ በኋላም ወሰዱት። ጠባቂው ግን አይቆጣም፣ አያፍርም። የፎቁን ልቦችና የታቹን ልቦች አይቶ «ምክንያት፦ ጾም» የሚለውን አነሣና «ምክንያት፦ አልታወቀም። ስድስት ቀይ ካልተገኘ እርምጃው ማሳረፍ» ብሎ ጻፈ።

አንዱ ቀይ የአያ ይመር ነው፤ ደሴ እስኪደርሱ አምባራቸው እጃቸው ላይ ነበር፣ መንገድ ላይ ልባቸው ወሰኑን አለፈ። አምስት ይቀራል።

ዙህርን እዚያው ወንበሬ አጠገብ ሰገድሁ። ሱጁድ ላይ ሆኜ የለመንሁትን እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ያረቢ ቀይ አድርጋቸው አልሁ። ያረቢ አምስት ብቻ።

ተነሥቼ ሳይ የአስናቀ ስም ቀይ ሆኗል። እጄን አጨበጨብሁ። ከዚያ የዘሀራ። ዘሀራ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከረመዳን በኋላ ልትዳር ቀጠሮ ይዛለች፤ እኔ ግን ሦስት! ብዬ ጮኽሁ። ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ጎል እንደሚቆጥር ሰው ቆጠርሁ። ስድስተኛው ሲመጣ ጠባቂው «አዳራሽ ሦስት ተዘግቷል። ምክንያት፦ ሥፍራው» አለ። ከታች በሮቹ ሲከፈቱ፣ ሰዉ እየተንጋጋ ወደ ግቢው ሲወጣ፣ ከዚያም እልልታው ሲነሣ ሰማሁ። የሚያርፍ የለም። የሚባረር የለም። ያን ጊዜ ነው ደሴ ያለው ሐኪም የደወለልኝ። የአያ ይመር ልብ እጅግ ሰፍቷል፣ ቢዘገዩ ኖሮ ዒድን አያዩም ነበር፣ አሁን ግን መድኃኒት ይዘዋል አለኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ስክሪኑን ልዘጋ ዞርሁ።

ስክሪኑ አላቆመም ነበር። ሰባተኛ ቀይ መጣ። የሚያስፈልገን ስድስት ነው፣ ይበቃል አልሁት በአፌ። ስምንተኛው መጣ፣ ዘጠነኛውም። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኋቸው፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ የሁሉንም ነጭ ፈርሜአለሁ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። የሰው በሽታ ተመኝቼ ለምኜ ነበር፤ ከለመንሁት በላይ ተሰጠኝ።

በሩ ተንኳኳ። እት ወርቂቱ ነበረች፤ ፎቅ ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ጫማዋን ደጅ ላይ አውልቃለች። ከግቢው ሮጣ መምጣቷ ነው፣ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ ትንፋሿን ትሰበስባለች።

«ስንት ሆነን?» አለች። «ሰዉ ጠይቂ ብሎኝ ነው።»

«አሥር» አልኋት። ወደ ስክሪኑ ስታይ እኔም ዞርሁ። አሥራ አንድ ነበር። የመጨረሻው የእሷ ስም ነው።

ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። ቀለሙን እንጂ ፊደሉን የምታነብ አትመስልም ነበር።

«እኔም ገባሁበት?»

«ገባሽ፣ እት ወርቂቱ።»

«አልባረርም ማለት ነው።»

«አትባረሪም። ነገ ከአያ ይመር ጋር ሐኪም ቤት ትገቢያለሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከታች እየጨፈሩ ስሟን ይጠራሉ። ልትሄድ አንድ እርምጃ ተራመደችና መለስ ብላ፣ ምን እንደሚመለስላት በእውነት ማወቅ እንደፈለገ ሰው ጠየቀችኝ።

«እንዲህ ሲሆን ምን ይባላል? እንኳን ደስ ያለሽ ነው ወይስ እግዜር ይማርሽ?»

ሁለቱም አፌ ላይ መጡ። ተነሥቼ አቀፍኋት። ደረቴ ላይ ተጠግታ ስትቆም ልቧ ሲዘልል ይሰማኛል።

«እግዜር ይማርሽ» አልኋት። ከታች ያሉት እልል ማለታቸውን አላቆሙም።